ሁለት ጡረተኞች

በጥቅምት አመሻሽ፣ ውርጭ ሲያሾል ጥርሱን፣
ወደ ጫጫ መውጫ፣ አየሁት ፈረሱን።
አስፋልቱ መሐል ላይ፣ ነጩን መስመር ረግጦ፣
ቆሟል ዝም ብሎ፣ ትከሻው ተልጦ።
ሲኖትራክ ሲያልፈው፣ ጥሩምባ ሲነፋ፣
ጆሮውም አልቆመ፤ ምን ቀርቶት ሊከፋ!

ልማዱን አውቃለሁ።
ጋሪው ሲሰበር፣ እንጨት ይገዛለታል፤
ፈረሱ ሲሰበር፣ መንገድ ይሰጡታል።
ማንም አይገድለውም፤ «ኃጢአት ነው» ይላሉ፣
ልጓሙን አውልቀው፣ ዞረው ይሄዳሉ።
ሌሊቱን ጅብ መጥቶ፣ የቀረውን ይበላል፤
ኃጢአቱም በጠዋት፣ የጅቡ ይባላል።

እኔን ምን አገባኝ?
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ
ሱፍ ሳበጥር ኖሬ፣
ሐኪሙ ትንፋሼን፣ በቱቦ ሲለካ
«ይብቃሽ» ብሎኝ ወጣሁ፣ ጡረታ ቈጥሬ።

መቀነቴን ፈታሁ። አንገቱ ላይ ጣልኩት።
«ና» አልኩት።
መጣ።
እስከ በሬሳ ድልድይ ሦስት ጊዜ ዐረፍን፤
ሁለቱን ለእሱ እግር፣ አንዱን ለእኔ ደረት።
ከኋላ ጅብ ጮኸ። ሁለታችንም አልዞርንም።

ዶክተር ምንውየለት፣ ወጣቱ የከብት ሐኪም፣
ጓንቱን እስከ ክርኑ ስቦ
የጀርባውን ቁስል ገልጦ አየና
መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ጨው በፈላ ውሃ፣ ጠዋትና ማታ።
ሰኮናው ይሞረድ። ጥርስ የለውም፤ ገለባ አይስጡት።
ደግሞ እማማ … ብዙም ተስፋ አያድርጉ።»
ተስፋማ አላደረግሁም። አተላ ነው ያመላለስኩት፣
ከቢራ ፋብሪካው በር፣ በጄሪካን፣ ገና ትኩሱን።
ለማታ ደግሞ፣ ጠርዙ የተበላሸ፣
ለሠራተኛ በቅናሽ የተሸጠ ግራጫ ብርድ ልብስ አለበስኩት።
ምናልባት እኔው ያበጠርኩት ሱፍ ይሆናል።

ጎረቤት ሳቀብኝ፣ አጥር ተንጠልጥሎ፣
«ጧሪ ያላገኘች ሴት፣ የፈረስ ጧሪ» ብሎ።
ይሳቅ። ሣቅ አይበላም፣ ሣቅ አያስነክስም፤
ቁስሉ ጠርዝ ላይ ጠጉር በቀለ፤ እሱን የሚያህል የለም።

በኅዳር ጋሽ ወንድይፍራው በበሬ ሲያልፉ
ከዘራቸው ቆመ።
ዳማውን አዩ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ቦቃ አዩ፣
ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለቀብር እንደሚያወልቁት።
«ይህ እኮ ገስግስ ነው!
አንጎለላ ሜዳ፣ ለጥር ጊዮርጊስ ጉግስ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማን ነበር የሚደርስ?
ዘንግ ሲወረወር፣ አንገቱን ሰበር አርጎ፣
ስንቱን ባለ ፈረስ፣ አስቀረው በድርጎ፣
አቧራ እያጠጣ!
አባ ገስግስ ነበርኩ፣ በሱ ስም ሲጣራ፤
ልጄ ባጃጅ አለኝ፤ አልወጣም ከጣራ፤
ሸጥኩት።
እስቲ ንገሪኝ፣ አሁን ማን ተብዬ ልጣራ?»

«ገስግስ» አሉ።
ዝም።
«ገስግስ!» አሉ፣ በዱሮው ድምፃቸው።
ጆሮው እንኳ አልዞረም። ግርግዳውን ያያል።
«ደንቁሮ ነው» አልኳቸው።
ዋሸሁ። የባልዲዬን እጀታ ከሦስት አጥር ማዶ ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣሉ፣
በጋቢያቸው ጫፍ የባቄላ ክክ ቋጥረው።
ስሙን አይጠሩትም። መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤
እሱም ይበላል፤ የማንም መዳፍ ነው ብሎ።

ጥር መጣ። ታቦቱ ሲወርድ፣ ከበሮው ሲመታ፣
ሰማሁ ከጓሮ ኮቴ፣ ሰማሁ ኳኳታ።
ወጣሁ።
ራሱን ሰቅሏል። አፍንጫው እንደ ወናፍ።
ጭኑ ላይ ያለች ሥር ሁሉ ትንቀጠቀጣለች።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሮጠ፤
አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ዞሮ አየኝ፣
«ማን ነው ያዘዘኝ?» እንደሚል ሰው።

ብርድ ልብሱ ጭቃ ላይ ወድቋል።
አነሣሁት። አራገፍኩት። በትከሻው ላይ ሳደላድል
እኔም እንደሱ አለከልካለሁ።
ባልዲው ገና አልሞላም።